የሰማዩ ቀለበት በኤርሳዶ ጓሮ

ደገፉ ኤርካሎ ጥሩነሽን ሊያገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ስለ አንድ የሰማይ ፎቶግራፍ መልስ እንዲሰጥ በሚያመልክበት የወንጌላውያን ጉባኤ ሽማግሌዎች ፊት ተጠራ። ጊዜው የ1959 ዓ.ም. በልግ ነበር። ያስተማረው ነገር ከእምነቱ ጋር እንደማይጣላ ካስረዳ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይባረካል። ካላስረዳ አይባረክም፤ ምክንያቱም የሽማግሌዎቹ ዋና የልጅቱ አባት ኤርሳዶ ነበር፣ ኤርሳዶም ጉባኤው ያልተቀበለውን ሰው ቤቱ አያስገባም።

ደገፉ የወላይታዋ ጉኑኖ ልጅ ነው። አባቱና እናቱ እንሰትና ቦይና የሚባለውን የጎደሬ ዓይነት ያለሙ ነበር። ሶዶ ድረስ ሄዶ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰ፤ ከዚያ አዲስ አበባ መምህራን ማሰልጠኛ ገባና ተመርቆ ወደ ተወለደበት ስፍራ የሳይንስ መምህር ሆኖ ተመለሰ። ረጅምና ቀጭን ነበር። ሲናገር ጠመኔ የያዘ ይመስል የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣብቆ ያነሣል፤ በእጁ ምንም በማይኖርበት ጊዜ እንኳ ያንን አይተውም። የሚያውቁት ሁሉ ትዕግሥቱን ያመሰግናሉ። አንድ ድካም ነበረበት፤ ለማስረዳት ያመጣው ምሳሌ ሰሚውን ደስ ካሰኘ፣ ምሳሌውን ከነገሩ አስበልጦ ይወድደዋል።

ፎቶግራፉን ያገኘው በማሰልጠኛው ሳለ ነው። የንባብ ክፍሉ ሠራተኛ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሔቶችን ሊጥል ሲያወጣ ደገፉ አንዱን ለምኖ ወሰደ። በመሐል ገጹ ላይ፣ በጥቁር ሰማይ ውስጥ፣ አንድ ብሩህ ድብልብል ነገር ይታያል። ዙሪያው ጨለማ ነው። ከጨለማው ወዲያ ደግሞ፣ ድብልብሉን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ርቆ፣ ሙሉ ቀለበት ይዞረዋል። ጽሑፉ እንደሚለው ይህን ነገር አንድ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ባለሙያ በ1942 ዓ.ም. ከሰማይ ፎቶግራፎች መካከል አግኝቶታል። ደገፉ ገጹን በጥንቃቄ ቆርጦ አወጣው፤ አጥፎም በመጽሐፍ ቅዱሱ መካከል አኖረው። ጉኑኖ ከደረሰ በኋላም ከዚያ አላወጣውም።

ለስምንተኛ ክፍል ያሳየው በመጋቢት ወር ነው። በመጀመሪያ ጋላክሲ ምን እንደሆነ ነገራቸው። ጥርት ባለ ሌሊት ከዳሞታ ተራራ ጫፍ ተነሥቶ ሰማዩን የሚያቋርጠው ነጭ ጭረት የእኛው ጋላክሲ ነው፤ ቁጥሩ የማይታወቅ የከዋክብት መንደር ነው፤ ፀሐይ ከዚያ መንደር ነዋሪዎች አንዷ ናት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ብዙዎቹ ጋላክሲዎች እንደ ሰሐን ጠፍጣፋ ናቸው፤ ከመሐላቸው የሚነሡ ጠመዝማዛ ክንዶች አሏቸው። ሌሎቹ እንደ እንቁላል ድፍን ናቸው። ይህኛው ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። ክንድ የለውም። የመሐሉን ክምችት ከቀለበቱ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ አይታይም። የመሐሉ ብርሃን ቢጫ ነው ይባላል፤ ይህም ያረጁ ከዋክብት ብርሃን ነው። የቀለበቱ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ያ ደግሞ የወጣቶች ነው።

ከፊት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ «ቀለበቱ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች።

ደገፉ ሦስት ግምቶች ነገራቸው። አንዳንዶች እንደሚሉት ቀለበቱ በእውነት የለም፤ ከኋላ ካለ ሌላ ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን በመሐሉ ክብደት ጎብጦ ሲያልፍ ለእኛ ቀለበት መስሎ ይታያል። ሌሎች ነገሩ ጨርሶ ጋላክሲ አይደለም፣ የሚሞት አንድ ኮከብ የተፋው ጋዝ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ግምት ይበልጥ ደነቃቸው። አንድ ጋላክሲ በሌላው መሐል ሰንጥቆ ያልፋል፤ የሚያልፈው ክብደት ከዋክብቱን መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ ካለፈ በኋላ ወደ ውጭ ተመልሰው ይፈናጠራሉ፤ በዚያ ሞገድ ጫፍ ላይ ጋዙ ይታመቅና አዳዲስ ከዋክብት ይበራሉ። ደገፉ ይህን ሲናገር ሳፋ አስመጥቶ ውኃ ሞላበትና ድንጋይ ጣለበት። የውኃው ቀለበት እየሰፋ ሄዶ የሳፋውን ጠርዝ መታ። ተማሪዎቹ እንደገና ጣል አሉት፤ ጣለ። ከሦስቱ የትኛው ልክ እንደሆነ ማንም ገና አላረጋገጠም የሚለውን የተናገረው ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ወንበር ሲጎተት ነበር።

በሳምንቱ ጉኑኖ ገበያ፣ መምህሩ በሰማይ መንደር በመንደር መሐል ሰንጥቆ ያልፋል ብሎ ማስተማሩ ተወራ። ሶርሳ የሚባል የጉባኤው ሽማግሌ በክፍሉ የሚማር ልጅ ነበረው። ልጁ በማታ ጸሎት ላይ፣ «አንዱ በሌላው ውስጥ ሲያልፍ እግዚአብሔር የት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሶርሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚመልሰው ግን አጣ። ይህንን ለኤርሳዶ ነገረው። ኤርሳዶም ደገፉን እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቤቱ ጠራው።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሐብተማርያም ቅዳሜ ዕለት ነገሩን ሰምቶ ሳቀ። ኦርቶዶክስ ስለሆነ የጉባኤው ጉዳይ አይመለከተውም።

«እኔ ብሆን ስለ ላም አስተምር ነበር» አለው። «ላም ከላም ብትጋጭ የሚከስህ የላሟ ባለቤት ብቻ ነው።»

«ለስምንተኛ ክፍል?»

«ለሠርግህ ስል ለዐሥራ ሁለተኛም ቢሆን።»

እሁድ ሽማግሌዎቹ በኤርሳዶ ግቢ፣ በዋንዛው ጥላ ሥር፣ በአግዳሚዎች ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ በጠዋት ዘንቦ አቁሞ ነበር። ከቤቱ ኋላ የእንሰቱ ጓሮ ይጀምራል፤ ቅጠሎቹ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ጥሩነሽ የተቀቀለ ቦይና ከዳጣ ጋር አቅርባ ወደ ቤት ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ደገፉ ለብቻው በተቀመጠለት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ቦይናውን ማንም አልነካም።

ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር። የጀመረው ሶርሳ ነው።

«መምህር፣ የከዋክብት መንደር ከመንደር ይጋጫል ብለሃል?»

«አንዳንድ ሊቃውንት እንደዚያ ይገምታሉ ብያለሁ።»

«ልጄ ይገምታሉ የሚለውን ይዞልኝ አልመጣም። ድንጋዩንና ሳፋውን ነው ይዞልኝ የመጣው።»

አንዳንዶቹ ፈገግ አሉ። ደገፉ አልሳቀም።

«ሲጋጩ ስንቱ ኮከብ ተሰበረ?»

«ምናልባት አንድም። በኮከብና በኮከብ መካከል ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ሰፊ ነው። ሳይነካኩ ይተላለፋሉ።»

«ሳይነካኩ ምን ዓይነት ግጭት ነው?»

«ይሳሳባሉ። የአንዱ ክብደት የሌላውን አካሄድ ያዛባል።»

«ያዛባል» አለ ሶርሳ፤ ቃሉን ለሌሎቹ እንዳቀበለ ሰው ወደ ጎን ዞረ። «እኛ በዚህ ቤት፣ ሁሉን በሥርዓት አኖረ ብለን እናነባለን። አንተ በዚያኛው ቤት፣ ሥርዓቱ ተዛባ ትላለህ። ልጄ አንድ ነው። ለየትኛው ልስጠው?»

ደገፉ ጣቶቹን አጣብቆ አነሣና መልሶ አወረዳቸው። ኤርሳዶ ይመለከተው ነበር። ደገፉ ዓይኑን ከእሱ ሲያሸሽ በትከሻው በኩል ጓሮውን አየ። ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት፣ በተቆፈረ አፈር ላይ፣ አዳዲስ የእንሰት ቡቃያዎች ወጥተው ነበር። በረድፍ አልነበሩም። ባዶ መሐል ዙሪያ፣ ክብ ሠርተው ነበር።

«አባባ» አለ ለኤርሳዶ፣ «ፈቃድዎ ከሆነ ወደዚያ እንሂድና አንድ ነገር ልጠይቅዎ።»

ተነሡ። ጭቃውን እየረገጡ ቡቃያዎቹን ከበቡ።

«ይህን የእንሰት ሥር፣ አሚቾውን፣ የቀበሩት መቼ ነው?»

«በጥር» አለ ኤርሳዶ።

«ከመቅበርዎ በፊት መሐሉን ምን አደረጉት?»

ኤርሳዶ ጥያቄው የልጅ ጥያቄ መስሎት ግንባሩን አኮማተረ። «ግንዱን ከላይ ቆረጥኩት፤ የመሐል ቡቃያውን ቆፍሬ አወጣሁት፤ በቦታው አፈርና እበት ሞላሁበት። መሐሉ ካልወጣ በጎኑ አይፈላም። አባትህ ኤርካሎ ይህን ሳያስተምርህ ነው የሞተው?»

«አስተምሮኛል። ያን ጊዜ የቆፈሩት አሚቾውን ለማጥፋት ነው?»

«ለማብዛት ነው እንጂ።»

«እንግዲያው በሰማዩም ያለው እንደዚህ ቢሆንስ?» አለ ደገፉ፤ ድምፁ ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ሆነ። «አንድ ነገር በመሐሉ አለፈ፤ መሐሉ ተመታ፤ ዙሪያውን አዳዲስ ከዋክብት ፈሉ። የሚታየው ጥፋት ሳይሆን መብዛት ነው። ሥርዓቱ አልተዛባም፤ ሥርዓቱ ራሱ ይህ ነው።»

ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ።

«ሶርሳ፣ አንተ እኮ በየዓመቱ መሐል ስትቆፍር ነው የምትከርመው። ማን ከሰሰህ?»

ሶርሳ ቡቃያዎቹን እያየ፣ «በሰማይ የቆፈረውስ ማን ነው?» አለ፤ የአጠያየቁ ስለት ግን ዶልዱሞ ነበር።

«ባለጓሮው ነዋ» አለ ኤርሳዶ።

መልሱ ሁሉንም አረካ። ኤርሳዶ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በደገፉ ትከሻ ላይ ጣለ፤ ከዚያም ለመዝጊያ ጸሎት ባርኔጣውን አወለቀ። ሶርሳ፣ «እስቲ ሥዕሉን አሳየኝ» አለ። ደገፉ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ገጹን ዘረጋለት። የሶርሳ ዓይን የቅርብ ነገር ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ገጹን አንዴ አርቆ አንዴ አቅርቦ መለሰለት። «ክብ ነው፤ እውነት ነው» አለ።

ደገፉ ሊያጥፈው ሲል ዓይኑ ገጹ ላይ ወደቀ። በዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየው አያስታውስም። አሁን ከቡቃያዎቹ አጠገብ ቆሞ ሲያየው ግን የመጀመሪያ ጊዜ ያህል ሆነበት። በኤርሳዶ ጓሮ በክቡ መሐል ያለው አፈርና እበት ነው። በገጹ ላይ በክቡ መሐል ያለው ከሁሉም ይበልጥ የሚያበራው ነው። አልተቆፈረም፣ አልተመታም፣ ጎኑ እንኳ አልጎደለም። በድንጋዩና በሳፋው ያሳየው ግምት ራሱ የመሐሉን እንዲህ ክብና ደልዳላ ሆኖ መቅረት እንዴት እንደሚያስረዳ አያውቅም። በመሐሉ ያለፈ የተባለው ሌላው ጋላክሲም በገጹ ላይ የለም። እሱ ፎቶግራፉን ሳይሆን እንሰቱን ነበር ያስረዳው።

ሌላ ማንም አላየም። ኤርሳዶ ዓይኑን ጨፍኗል። በቤቱ ጥግ ጥሩነሽ ቆማለች፤ ነገሩ በደኅና እንዳለቀ ገብቷት ትከሻዋን ግድግዳው ላይ ጥላለች። ደገፉ ገጹን በግማሽ አጠፈ። ነገ ክፍሉ ሁሉ እንሰቱን ይደግመዋል። ልክ ሳፋውን እንደደገመው ይደግመዋል። ሶርሳ ለልጁ፣ መምህሩ አረጋግጦልናል ይለዋል።

«አባባ» አለ፣ «ከጸሎቱ በፊት።»

ኤርሳዶ ዓይኑን ገለጠ።

«ያመጣሁት ምሳሌ ልክ አይደለም። የእርስዎ አሚቾ መሐሉ ወጥቷል። በዚህ ሥዕል ያለው ግን መሐሉ እንዳለ ነው። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የሚያበራው እሱ ነው። እንሰት የሚፈላበትን መንገድ ነገርኳችሁ እንጂ ይህ ቀለበት የሆነበትን መንገድ አልነገርኳችሁም።»

«ታዲያ እንዴት ሆነ?» አለ ሶርሳ።

«አላውቅም።»

«ድንጋዩስ?»

«ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ለልጆቹ ያየሁት ያህል አድርጌ ማሳየት አልነበረብኝም።»

«መጀመሪያ ድንጋይ ነበረህ» አለ ሶርሳ ቀስ ብሎ፣ «ቀጥሎ እንሰት አመጣህ። አሁን ምን ቀረህ?»

«ምንም።»

ኤርሳዶ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ድምፁ ግን ከፍ አላለም። «ባለጓሮው እሱ ነው ብለን ጨርሰን ነበር። አንተ ያንን አልተቀበልክም?»

«ተቀብያለሁ። ጓሮው የእሱ ነው። እንዴት እንደሠራው ነው የማላውቀው። እንደ እንሰት ነው የሠራው ብዬ ከዚህ ብሄድ፣ በእሱ ስም የማላውቀውን መናገሬ ነው።»

«ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ቀን እንቆርጥ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም ማወቅህን አያለሁ» አለ ኤርሳዶ። «የጨረስኩትን ፊቴ አፍርሰህብኛል። እንግዲህ መልሱን ስታገኝ ተመለስ። እስከዚያ ጥሩነሽ እዚሁ ናት።»

ደገፉ ገጹን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ለማስገባት ሞከረ፤ ሲቸኩል ጠርዙ ተቀደደ። ያኔ ጥሩነሽ ከቤቱ ጥግ መጣች። ሴት ልጅ በሽማግሌ መካከል ገብታ መናገር አልተለመደም። አባቷ አጠገብ ደርሳ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«አባባ፣ መልሱን ፈረንጆቹም እንዳላገኙት ሲናገር ሰምቻለሁ። እነሱ እስኪያገኙት ለሠርጌ የምስቅበት ጥርስ ይቀረኛል?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። የምዳረው ግን እኔ ነኝ።»

ቅድም የሳቀው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። ኤርሳዶ ልጁን አያት፤ ከዚያ ሶርሳን አየው፤ ክሱን ያመጣው እሱ ነውና። ሶርሳ ዱላውን ከቡቃያዎቹ ክብ አጠገብ ተክሎ ብዙ አሰበ።

«የእኔ ክስ ጠባብ ነው» አለ በመጨረሻ። «ልጄ ሰማይን አያይም፤ የሚያየው መምህሩን ነው። መምህሩ ያወቀ ሲመስለው ያውቃል፤ የፈራ ሲመስለው ይፈራል። በሚመጣው እሁድ ልጆቹ ባሉበት በጉባኤው ፊት ይቁምና፣ አሁን ለእኛ እንዳለው አላውቅም ይበል። ልጄ ከአፉ ይስማው። ከዚያ በኋላ እኔ ክስ የለኝም።»

ኤርሳዶ ወደ ደገፉ ዞረ። «ካለ» አለ፣ «ቀን እንቆርጣለን። ካላለ ደግሞ ዛሬ የተናገርኩት የተናገርኩት ነው።» ጸሎቱ ሳይደረግ ተበተኑ። ቦይናው ቀዝቅዞ ነበር።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ቅጣቱ ቅጣት አይመስልም። ደገፉ ግን ሳምንቱን በጭንቅ አሳለፈ። በዚያ ዘመን መምህር ማለት የሚያውቅ ሰው ማለት ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከእርሻ አንሥተው የሚልኩት ለዚያ ነው። ሐብተማርያም ሲሰማ በዚህ ጊዜ አልቀለደም።

«አንድ ጊዜ አላውቅም ያልክበትን ክፍል ሁለተኛ አትገዛውም» አለው። «አሞኛል በልና ሶዶ ሂድ። እኔ ፈቃድ እሰጥሃለሁ።»

«ሠርጉስ?»

«ሠርግ ሌላ ይገኛል። ስም ግን ከሄደ አይመለስም።»

ደገፉ ሶዶ አልሄደም። እሁድ የጸሎቱ ቤት ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ቀድሞ ስለ ደረሰ ከወትሮው ይበልጥ ሰው መጥቷል። ተማሪዎቹ ከፊት በሣር ላይ ተቀምጠዋል። ኤርሳዶ ከመዝሙሩ በኋላ የደገፉን ስም ጠርቶ ተቀመጠ። ደገፉ ተነሣ። ጣቶቹን ሊያነሣ ሲል ተወውና እጆቹን ወደ ታች አወረደ።

«ስለ ሰማዩ ቀለበት ያስተማርኳችሁ ልጆች እዚህ አላችሁ» አለ። «ድንጋይና ውኃ አሳየኋችሁ። ያሳየኋችሁ አንድ ግምት ነው። እንደማውቀው አድርጌ አሳየሁ፤ አላውቀውም። ቀለበቱ በእውነት ያለ መሆኑን እንኳ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። መሐሉ ለምን እንደበራ፣ ጨለማው ለምን ባዶ እንደሆነ፣ ቀለበቱ ምን እንደያዘው አላውቅም።»

ንግግሩን አቆመ። ከኋላ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ ይዛው ወጣች። ደገፉ መቀመጥ ይገባው እንደሆነ አላወቀም። የሶርሳ ልጅ በሣሩ ላይ ካለበት ወደ አባቱ ዞሮ አየ፤ አባቱ ራሱን ነቀነቀለት። በክፍል ውስጥ መጀመሪያ የጠየቀችው ተማሪ እዚህም እንደ ትምህርት ቤት እጇን አወጣች።

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

በጉባኤ መካከል ልጅ አይጠይቅም። ሰዎች ወደ ኤርሳዶ አዩ። ኤርሳዶ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ አልከለከለም።

«ከሰው እስካሁን ማንም» አለ ደገፉ። «ምናልባት ከእናንተ አንዱ።» ተቀመጠ። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር።

ሠርጉ በግንቦት ተደረገ። ኤርሳዶ ባረካቸው፤ በግብዣው ላይ ግን ከአማቹ ጋር ብዙ አላወራም። ሐብተማርያም እንዳለው ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ አስቸገረ፤ ባልገባቸው ቁጥር ሳይሆን ባላጠኑ ቁጥር «አላውቅም» የሚሉ ተማሪዎች በዙ። ደገፉ ያንን በዱላ ሳይሆን በጥያቄ አስታገሠው፤ አላውቅም ያለ ተማሪ እስከ ምን ድረስ እንደሚያውቅ መናገር ነበረበት። በኋላም ወደ ዲምቱ ተዛውሮ ሲያስተምር በየዓመቱ ያንን ገጽ ያሳይ ነበር። ሳፋውንም ያመጣል፤ እንሰቱንም ይሥላል፤ ከዚያ ሁለቱም ምሳሌዎች የት ላይ እንደሚሰበሩ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። ለዚህ ከሌላው ትምህርት ሁሉ ረጅም ጊዜ ይሰጣል፤ ደወሉም እንዳይቀድመው ይጠነቀቃል።

ዲምቱ ከመሄዳቸው በፊት ግን፣ ከሠርጉ በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ፣ ኤርሳዶ ጉኑኖ ወዳለው ቤታቸው መጣ። በትከሻው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሸክም ነበር። ሳይቀመጥ አወረደውና ፈታው። ከዚያው ከጓሮው ክብ የተነቀሉ ችግኞች ነበሩ፤ ሥራቸው ገና አፈር ይዟል። ጥሩነሽ ለባሏ መቆፈሪያውን አቀበለችው። ኤርሳዶ አማቹ ሲቆፍር ጥቂት ተመለከተውና ጉድጓዱ ጠባብ ነው ብሎ መቆፈሪያውን ወሰደበት።

«ይኸኛውን እኔ አውቀዋለሁ» አለ፣ ሳያየው። «መሐሉን በገዛ እጄ ነው የቆፈርኩት።»